ከደመወዝ የሚቆረጠውና እጅ የሚገባው ገንዘብ

በኢትዮጵያ በቅጥር ውል ላይ የሚሰፍረው ደመወዝ ብዙውን ጊዜ ግብርና የጡረታ መዋጮ ያልተቀነሰለት በመሆኑ፣ ተቀጣሪው በወሩ መጨረሻ የሚረከበውን የተጣራ ገንዘብ ለማወቅ ሁለቱን ተቀናሾች ለየብቻ ማስላት ይኖርበታል። ብዙዎችን የሚያሳስተው የግብሩ ስሌት ነው። ደመወዛቸው 30 በመቶ ከሚከፈልበት እርከን ሲደርስ መላው ገንዘብ በ30 በመቶ የሚቆረጥ መስሏቸው ጭማሪን በስጋት የሚመለከቱ ሠራተኞች አሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ ምጣኔ የሚያርፈው በራሱ እርከን ውስጥ በሚገኘው ገንዘብ ላይ ብቻ ስለሆነ ስጋቱ መሠረት የለውም።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ መሠረት፣ 12,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ያላት ሠራተኛ ለመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አትከፍልም፤ ከዚያ እስከ 4,000 ብር ላለው 15 በመቶ ማለትም 300 ብር፣ እስከ 7,000 ላለው 20 በመቶ ማለትም 600 ብር፣ እስከ 10,000 ላለው 25 በመቶ ማለትም 750 ብር፣ ለቀሪው 2,000 ብር ደግሞ 30 በመቶ ማለትም 600 ብር ትከፍላለች። ድምሩ 2,250 ብር ነው። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ ሲሆን፣ የሚሰላው ግብር ከተነሣለት ቀሪ ሳይሆን ከሙሉው መሠረታዊ ደመወዝ በመሆኑ 840 ብር ይሆናል። ስለዚህ እጇ የሚገባው 8,910 ብር ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ከእርሷ ደመወዝ አይቀነስም።

መሠረታዊ ደመወዙ ከ10,000 ወደ 10,100 ብር ያደገለት ሠራተኛም ከተጨመረው 100 ብር ላይ 30 ብር ለግብር፣ 7 ብር ለጡረታ ተቀንሶ 63 ብር ይተርፈዋል።