ዲኤችሲፒ ምንድን ነው? ዋይፋዩ ኮኔክትድ እያለ ኔት እምቢ ሲል

ጎንደር ላይ ካፌም በሉት ፎቶኮፒ ቤት ወይ ትንሽ ቢሮ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ነገር ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ኮምፒውተር ይሰራል ሌላው አይሰራም፣ ፕሪንተሩ ኦፍላይን ይላል፣ ስልኩ ዋይፋይ ላይ ኮኔክትድ እያለ ቴሌግራም አይከፍትም፣ ከዛ ሁሉም "ኔትወርክ የለም" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ኔትወርኩ አለ። የተበላሸው የአይፒ አድራሻ አሰጣጡ ነው፣ እሱን የሚሰራው ደግሞ ዲኤችሲፒ ይባላል። ይሄን አንድ ነገር በደንብ የያዘ ባለሱቅ ለማይረባ ነገር ሁሉ ቴክኒሻን እየጠራ ብር አያወጣም፣ ለዛ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ሲጀመር ኔትወርክ ላይ ያለ እቃ ሁሉ፣ ስልኩም ላፕቶፑም ፕሪንተሩም ካሜራውም፣ የራሱ አይፒ አድራሻ ያስፈልገዋል፣ 192.168.1.5 ምናምን የሚለው ቁጥር ማለት ነው፣ እና እዛው ኔትወርክ ላይ ሁለት እቃ አንድ ቁጥር መያዝ አይችልም። ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የትኞቹ ቁጥሮች እዛው ኔትወርክ ውስጥ እንዳሉ የሚለይ ሰብኔት ማስክ አለ፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣው የራውተሩ አድራሻ ማለትም ጌትዌይ አለ፣ የዌብሳይት ስም ስንጽፍ ወደ ቁጥር የሚቀይርልን ዲኤንኤስ አለ። እነዚህን ሁሉ እያንዳንዱ ማሽን ላይ በእጅ መሙላት ይቻላል ግን ካፌ ውስጥ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ሰው ስልክ ማን ይሞላል? በፈረንጆቹ 1985 ቡትፒ የሚባል ፕሮቶኮል መጥቶ ነበር፣ እሱ ግን የትኛው ማሽን የትኛውን ቁጥር እንደሚወስድ አስቀድሞ ሰው መመዝገብ ነበረበት። በ1993 ዲኤችሲፒ ወጣ፣ ዛሬም የምንሰራበት በ1997 የተሻሻለውን ነው። አሁን ቤታችሁ ያለው ራውተር ውስጥ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ማንም ሳይነካው ይሰራል፣ ለዛም ነው እስኪበላሽ ድረስ መኖሩን የማናውቀው።

አሰራሩ አራት መልእክት ነው። ስልካችሁ ዋይፋዩ ላይ ሲገባ ገና ቁጥር ስለሌለው 0.0.0.0 ሆኖ ወደ 255.255.255.255 ማለትም ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ "አድራሻ የሚሰጥ አለ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ይሄ ዲስከቨር ነው። ራውተሩ "እንካ ይሄን ውሰድ" ይላል፣ ኦፈር። ስልኩ "እሺ እሱን እፈልጋለሁ" ይላል፣ ሪክዌስት። ራውተሩ "ያንተ ነው" ብሎ ያጸድቃል፣ አክኖሌጅ። በቃ፣ በአብዛኛው ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ልብ በሉ ስልኩ የጠየቀው ሁሉንም ነው፣ ራውተሩን ለይቶ አያውቀውም፣ ይሄን ያዙልኝ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩ ደግሞ ለዘላለም አይሰጥም፣ ጊዜ አለው፣ ሊዝ ይባላል። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ክፍል እንደመያዝ ነው፣ ቁልፉን ትወስዳላችሁ፣ ቀናችሁ ሳያልቅ ካላራዘማችሁ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፣ ሳትነግሯቸው ብትሄዱ ደግሞ ቀኑ እስኪያልቅ ክፍሉ በስማችሁ ተይዞ ይቆያል። እቃዎቹ ግን ጊዜው እስኪያልቅ አይጠብቁም፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ራሳቸው "አራዝምልኝ" ብለው ይጠይቃሉ። የሊዙ ርዝመት እንደ ራውተሩ ነው፣ 2 ሰዓት የሚል አለ፣ 24 ሰዓት የሚልም አለ።

አሁን ወደ መብራቱ። ማራኪ አካባቢ ያሉ ፎቶኮፒ ቤቶችን አስቡ፣ ተማሪው ፍላሽ ይዞ ሪሰርች ሊያስጠርዝ ተሰልፏል፣ መብራት ሄዶ መጣ። ዴስክቶፖቹ በኬብል ስዊች ላይ፣ ማለትም ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሳጥን ላይ ነው የተሰኩት፣ ስዊቹ ወዲያው ይነሳል፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ያለው ኮምፒውተርም በሰከንዶች ይነሳል፣ ራውተሩ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ዲስከቨር ብሎ ይጮሃል፣ የሚመልስለት የለም፣ ሲሰለቸው ዊንዶውስ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል። ይሄ ቁጥር ወደ ኢንተርኔት አያስወጣም፣ ጌትዌይም የለውም። ዊንዶውስ በየ5 ደቂቃው እንደገና ይሞክራል፣ ግን ወረፋ እያለ 5 ደቂቃ ማን ይጠብቃል፣ ሰዉ ሪስታርት ያደርጋል፣ ኬብል ይነቅላል፣ ይባስ ብሎ ራውተሩን ድጋሚ ያጠፋዋል፣ ያኔ የተስተካከሉትም አብረው ይወድቃሉ። ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው፣ የራውተሩ መብራቶች እስኪረጋጉ ጠብቁና ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ 169.254 ካያችሁ አይፒኮንፊግ፣ ስፔስ፣ ስላሽ ሪኒው (ipconfig /renew)፣ ኢንተር። ቁጥሩ ወደ 192.168 ሲቀየር ታያላችሁ። ራውተሩ ከተነሳ በኋላም 169.254 ከሆነባችሁ ችግሩ ኬብል ወይ ስዊች ወይ ራሱ ራውተሩ ነው፣ ውጭ ያለውን መስመር ገና አትውቀሱ።

ፕሪንተሩስ? እሱ የሚያናድደው ነው። ትናንት 192.168.1.5 ነበር፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ወደ 5 እንዲልኩ ነው የተጫኑት። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ደግሞ የሰጡትን ቁጥር ዝርዝር ራም ላይ ብቻ ነው የሚይዙት፣ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ ስለዚህ መብራት ሲመጣ ፕሪንተሩ 192.168.1.9 ሊያገኝ ይችላል፣ 5ን የሰው ስልክ ይወስደዋል። ኮምፒውተሩ አሁንም ወደ 5 ይልካል፣ ኦፍላይን ይላል፣ ፕሪንተሩ ግን ምንም አልሆነም። እዚህ ጋ ድራይቨር አጥፍቶ እንደገና መጫን ከንቱ ድካም ነው፣ ለጊዜው ይሰራል በሚቀጥለው መብራት ይደገማል። የሚያድነው ሪዘርቬሽን ነው፣ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤችሲፒ የሚለው ጋ ገብታችሁ የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን መለያ፣ ከ192.168.1.5 ጋር ታስሩታላችሁ፣ ከዛ ወዲህ ያ ቁጥር ለማንም አይሰጥም። ማኩ ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሴቲንጉም ያሳያል፣ 12 ቁጥርና ፊደል ነው። ፕሪንተሩ ላይ በእጅ የማይቀየር ቁጥር፣ ስታቲክ የሚባለውን፣ መሙላትም ይቻላል፣ ግን የሞላችሁት ቁጥር ራውተሩ ከሚያድለው ሬንጅ ውስጥ ከሆነ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ይሰጠውና ሁለቱም ይጋጫሉ፣ ከሬንጁ ውጭ ምረጡ።

ስለ ሬንጅ ካነሳን፣ ጥምቀት ሰሞን ፔንሲዮንና ካፌ ያላችሁ ይሄን አንብቡ። የብዙ ራውተር ሬንጅ የአድራሻው የመጨረሻ ቁጥር ከ100 እስከ 199 ነው፣ 100 ቁጥር ማለት ነው። ሊዙ 24 ሰዓት ከሆነ ጠዋት ማኪያቶ ጠጥቶ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሄደው እንግዳ ስልክ ቁጥሩን እስከ ነገ ይዞት ይውላል፣ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ 20 ሰው ብቻ ተቀምጦ ቁጥሩ ሊያልቅ ይችላል፣ አዲስ የሚገባው ስልክ "ኦብቴይኒንግ አይፒ አድሬስ" እያለ ይሽከረከራል። ሊዙን ወደ 1 ሰዓት አውርዱት፣ ሬንጁንም ከ10 እስከ 250 ማስፋት ትችላላችሁ፣ ፕሪንተርና ካሜራ ላይ በእጅ የሞላችሁትን ቁጥር ብቻ ውጭ አስቀሩ። ብር አይጠይቅም።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር፣ ስልኩ ሁሉንም ነው የሚጠይቀው። ዋይፋዩ ጓዳ አልደርስ ሲል ሰው ሁለተኛ ራውተር ይገዛና ኬብሉን ከዋናው አምጥቶ ላን (LAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሰካዋል፣ አሁን አድራሻ የሚሰጥ ሁለት ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል። ከአዲሱ የወሰደው እቃ አዲሱን ራውተር ጌትዌይ አድርጎ ይይዛል፣ አዲሱ ደግሞ ዋን (WAN) በሚባለው የኢንተርኔት ቀዳዳው በኩል ከኢንተርኔት ጋር አልተያያዘም፣ ስለዚህ አንዱ ስልክ ይሰራል አጠገቡ ያለው አይሰራም፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ደግሞ ሊገላበጥ ይችላል። ይሄን አይቶ የኢንተርኔት ፓኬጅ ያሳደገ ሰው አለ፣ ምንም አይለወጥም። ሁለተኛውን ራውተር ከመስመሩ ነቅላችሁ ለብቻው በላፕቶፕ ግቡበት፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ጋር ወደማይጋጭ ቀይሩት፣ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ እሱን 192.168.1.2 አድርጉት፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን ዲስኤብል አድርጋችሁ ሴቭ በሉና ኬብሉን ላን ላይ መልሱት፣ ከዛ አድራሻ የሚሰጠው ዋናው ብቻ ይሆናል።