ካርታውን ስላሰፋችሁት ትንበያው አይጠራም

ሥራዬ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የአየር ሁኔታ ካርታ ሳይ ነው የምውለው። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ካርታውን በሁለት ጣት እያሰፋ የቤቱ ጣሪያ ድረስ ይወርድና «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነገ 6 ዲግሪ ነው» ይለኛል። ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም።

«40 በመቶ ዝናብ ማለት ከአካባቢው 40 በመቶው ላይ ይዘንባል ማለት ነው።» አይደለም። የቀኑን 40 በመቶ ይዘንባል ማለትም አይደለም። እንዲህ የተተነበየላቸውን 10 ቀናት ብትወስዱ፣ እናንተ ባላችሁበት ቦታ በ4ቱ ያህል ይዘንባል ማለት ነው። ያካፋል ወይስ ዶፍ ይወርዳል የሚለውን ቁጥሩ አይነግራችሁም።

«በሳተላይት ምስል ላይ ነጭ የሆነው ሁሉ ዝናብ ነው።» የኢንፍራሬድ ምስል የሚያሳየው የደመናው አናት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ነው። ከፍ ብሎ የሚሄድ ስስ ደመናም ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል ያልፋል።

አሁን ወደ ማስፋቱ ልምጣ። ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሞዴል የሚባለው፣ ምድርን በሳጥን በሳጥን ይከፋፍላታል። የአሜሪካው ሞዴል የጂኤፍኤስ ሳጥን ወደ 13 ኪሎ ሜትር፣ የአውሮፓው ደግሞ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ለአንድ ሳጥን አንድ ከፍታ፣ አንድ ሙቀት። ውስጡ ጉብታም ሸለቆም ቢኖር ተጨፍልቆ አማካይ ይሆናል። ስታሰፉት አፑ በሳጥኖቹ መካከል ቀለሙን ያለሳልሳል እንጂ ስለ ግቢያችሁ አዲስ ነገር አያውቅም።

አንድ ወዳጄ ሸለቆ ግርጌ የቲማቲም ችግኝ ነበረው። ማታ ካርታውን አስፍቶ 5 ዲግሪ አየ። ውርጭ የለም ብሎ ሳይሸፍነው ተኛ። ጠዋት ሲወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ግንዱ የተቀቀለ መስሎ ልፍስፍስ ብሎ አገኘው። «ካርታው ዋሸኝ» አለኝ። አልዋሸም። 5 ዲግሪው የሳጥኑ አማካይ ነው። በዚያ ላይ የሚሰላው ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ ላለው አየር ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ችግኙ የነበረው እዚያ ነው። አንድ ሸራ ያድነው ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እንዲህ አድርጉ። አንዳንድ ድረ ገጾች ከትንበያው አጠገብ የቦታውን ከፍታ ይጽፋሉ። ከእውነተኛው ከፍታችሁ ጋር አስተያዩት። ሙቀቱ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ካርታው 300 ሜትር ዝቅ አድርጎ ካስቀመጣችሁ 2 ዲግሪ ገደማ ቀንሱለት። (እንደ ወዳጄ ዓይነቱ ጥርት ያለ ሌሊት ግን በዚህ ሒሳብ አይያዝም።) ከዚህ የሚሻለው ቴርሞሜትር ነው። ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ያነበባችሁትን ካርታው ካለው ጎን ጻፉ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያደላ ታዩታላችሁ። ያን ጊዜ ምን ያህል መጨመር ወይም መቀነስ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

«ዊንዲ ላይ የሚሮጠው ነፋስ አሁን የሚነፍሰው ነው።» ዊንዲ የነፋስና የዝናብ ካርታ የሚያሳይ ድረ ገጽና አፕ ነው፤ የሚያሳየው ነፋስም ስሌት ነው። ጂኤፍኤስ በቀን 4 ጊዜ ነው የሚሰላው። የምታዩት ከሰዓታት በፊት የተተነበየውን ነው። አሁን የሚዘንበውን ለማየት ራዳር ክፈቱ። የራዳሩ ጨረር ግን እየራቀ ሲሄድ ከመሬት ከፍ ስለሚል፣ ሩቅ ቦታ ዝቅ ካለ ደመና የሚወርደውን ዝናብ ሊስተው ይችላል።

«ሁለት ሞዴል ሲለያይ ደስ የሚለኝን እይዛለሁ።» አይሆንም። መለያየታቸው ራሱ መረጃ ነው፤ ትንበያው ገና አልረጋም ማለት ነው።

የመጨረሻው የአየር ንብረት ካርታ ነው። «ቀይ ከሆነ ሞቃት ነው» ይላሉ። ብዙዎቹ እነዚህ ካርታዎች የሚያሳዩት ሙቀቱን ሳይሆን ከ30 ዓመት አማካይ ያለውን ልዩነት ነው። አሁን በብዛት የሚሠራበት የ1991–2020 አማካይ ነው። በወትሮው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚሆን ቦታ ከዜሮ በታች 15 ከሆነ ቀይ ይቀባል። እዚያ ያለ ሰው ግን ካፖርቱን አያወልቅም።