«ካልታሰረ ዘበኛ አይሆንም» እና ሌሎች የውሻ ወሬዎች

ግቢ ያለው ሰው ሁሉ የውሻ ሊቅ ነው። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ገና ቀለም ባልነካቸው ቤቶችና በቆርቆሮ አጥሮች መሃል ቦርሳዬን ይዤ ውሻ ሳክም ዓመታት አለፉ። በር ከፍቶልኝ ውሻው ምን እንደሆነ ከመንገሩ በፊት፣ ውሻ ማለት ምን እንደሆነ የማያስተምረኝ ባለቤት ጥቂት ነው። አብዛኛውን ሰምቼ አልፋለሁ። አንዱ ግን አንገፍግፎኛል። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ትንንሾቹን እንጥረግ።

«በርበሬ ሲበላ ኃይለኛ ይሆናል።» አይሆንም። ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ያስቀምጠዋል። በቃ።

«አፍንጫው ከደረቀ ታሟል።» ከእንቅልፉ የተነሣ ጤነኛ ውሻም አፍንጫው ይደርቃል። ይልቅ መብላት መጠጣቱን እዩ።

«ለውሻ የተረፈ ወጥ ምን አነሰው?» ወጣችን ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ደግሞ፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና ጉሮሮ ወይም አንጀት ይወጋል። 55 ቀን ሙሉ ሽሮ ሲልስ ለከረመ ውሻ በፋሲካ የዶሮውም የበጉም አጥንት በአንድ ቀን ይከመርለታል። በማግስቱ ስልኬ አያርፍም።

«ሴት ውሻ ለጥበቃ አትሆንም።» ሌባ ጾታዋን ጠይቆ አይገባም። ይህች ወሬ ግን ቀላል አይደለችም፤ በእሷ ምክንያት ነው ሴቶቹ ቡችሎች በማዳበሪያ ጆንያ ታስረው ወንዝ ዳር የሚጣሉት። ከዚያ የተረፉት አድገው ሲወልዱ «መንደሩን የባለቤት አልባ ውሻ ወረረው» ብለን ቀበሌ እንከሳለን። መውለዷ ከከበዳችሁ ማስመከን ይቻላል።

«ጥሬ ሳንባ ያጠነክረዋል።» ከሥጋ ቤት ለውሻ ተብሎ የሚገዛውን ሳንባ አንድ ቀን ቆርጣችሁ እዩት። አንዳንዱ ላይ እንቁላል የሚያህል፣ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ታገኛላችሁ። የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ፀጉሩም ላይ ይቀራል። ውሻውን አቅፎ የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ ይቀርባል። ከዓመታት በኋላ ያው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይገኛል። ሳንባ አትስጡ አላልኩም፤ ግማሽ ሰዓት ይንፈር፣ ውሻውም የትል መድኃኒቱን በየጊዜው ይውሰድ።

«የራሳችን ውሻ ነው፣ አያብድም። ደግሞ ገና ቡችላ ነው።» ስለዚህ ነገር ስጽፍ ሳቄ ይጠፋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቡችላም፣ የቤትም የመንገድም ውሻ፣ በጋና ክረምትም አይለይም። ያበደ ውሻ ሁሉ ለሃጩን እያዝረከረከ ሰው አያሳድድም። አንዳንዱ ጨለማ ጥግ ይፈልጋል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ የታች መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱም አጥንት አንቆት ይሆናል ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር የተነከሰ ልጅ በክትባት ያዳነው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ዛሬም ከንክሻ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ድንጋይ አንስቶ ውሻውን መግደል ነው። አትግደሉት። መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ደቂቃውን በሰዓት ቁጠሩ፣ በግምት አይሆንም። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻው ተዘግቶበት 10 ቀን ይታይ፤ ሕክምናው ግን እሱን አይጠብቅም። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላውን በሦስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ አስከትቡ።

አሁን ወደ ዋናው።

«ውሻ ቀን ካልታሰረ፣ ከልጆች ጋር ከተጫወተ፣ ዘበኛ አይሆንም።» ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮሃል» አሉ እንጂ በታሰረበት አላሉም።

አንድ ጋሼ ደወሉልኝ። «ዶክተር፣ ውሻዬን ጭንቅላቱን ሳያመው አይቀርም፤ ይዞራል።» ስሄድ ከጓሮ፣ ከቆርቆሮ ቤቱ አጠገብ ታስሮ ይዞራል። ሰንሰለቱ ሁለት ክንድ ይሆናል። የዞረበት መሬት ሣር የለው፣ አቧራ የለው፤ ተጠቅጥቆ እንደ ምጣድ ይብለጨለጫል። ከቡችላነቱ ጀምሮ እዚያው ነው። አንገቱ ላይ ሰንሰለቱ ቆዳውን በልቶ ገብቷል። ቁስሉን ሳጥብ አልነከሰኝም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋሼ ቀጠሉ። ከወር በፊት ሌባ በጓሮ ገብቶ የውኃ ፓምፑንና የተረፈውን ብረት ይዞ ሄዷል።

«ውሻው አልጮኸም?»

«ሲጮህ አደረ እንጂ!»

«ታዲያ እርስዎ?»

«እሱ መቼ የማይጮህበት ጊዜ አለ?»

ነገሩ ይኸው ነው። የታሰረ ውሻ ለድመቱም፣ ለቆሻሻ ጋሪውም፣ ለነፋሱም፣ ለልጅዎም ይጮሃል፤ ማን የቤት ሰው፣ ማን እንግዳ እንደሆነ የሚለይበት ዕድል አላገኘም። ባዕድን የሚያውቀው ቤተሰቡን ያወቀ ነው። ለዚህ የሚመቸው ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው፤ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ። ልክ ያን ጊዜ ነው እኛ ሰንሰለት የምንገዛው። እና የታሰረ ውሻ ሲነክስ የሚነክሰው አጥር የዘለለውን ሌባ አይደለም፤ ሌባው ሰንሰለቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ያውቃል። ኳሱን ሊያነሣ የቀረበውን ሕፃን ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ጅብ አለ። ከጨለመ በኋላ ከገደሉ ወጥቶ በአጥር ሥር ያልፋል። ያልታሰረ ውሻ ይሸሻል፣ በረንዳ ይወጣል። አንድ ጠዋት ተጠርቼ ስደርስ ያገኘሁት ሰንሰለትና አንገት ማሰሪያ ብቻ ነበር።

የእኔዋ መከታ ታስራ አታውቅም። ቀን ልጄ እግሯን ትራስ አድርጎ ያነባል። ሌሊት ለጎረቤት መኪና ቀና ብላ ትተኛለች፤ የማታውቀው እግር አጥሩን ሲጠጋ ግን የምታወጣውን ድምፅ ቤታችን ውስጥ ተኝቶ የሚሰማ የለም።

ለጋሼ የመከርኩት ይህን ነበር፦ አጥሩን ያጥብቁ፣ በሩን ይዝጉ፣ ውሻውን ይፍቱ። የግድ ማሰር ካለብዎ ከግንቡ እስከ ዛፉ ሽቦ ወጥረው ሰንሰለቱን በቀለበት ያንጠልጥሉት፣ ወዲያ ወዲህ ይበል። ጠዋትና ማታ ምግቡን አንድ የቤት ሰው በእጁ ይስጠው። ልጆቹ መጀመሪያ ትልቅ ሰው ባለበት ይቅረቡት፤ ሲበላና ሲተኛ ግን አይንኩት።

ሰንሰለቱን በራሴ እጅ ፈታሁት። ከዚያች ክብ አልወጣም። ሁለት ቀን ሙሉ ያልታሰረበትን ሰንሰለት ልክ እየጠበቀ ሲዞር እንደነበር ጋሼ ነገሩኝ።

በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ደወሉ፤ ተቆጥተዋል። «ዶክተር፣ ይኸው ያንተ ምክር! ጎመኔን ቆፍሮ ጨረሰው። የልጅ ልጄን ጫማ ይዞ ግቢውን ሲዞር ይውላል፣ እሷም ተከትላው።»

«አልነከሳትም አይደል?»

«ኧረ እሷ ናት ጆሮውን የምትጎትተው።»

ለጎመኑ አጥር ይሥሩለት አልኳቸው።