ስፒክኢዚ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳርቻ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ሕንፃ ካስገነባ ወዲህ ምድር ቤቱን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ሰነበተ። ሱቅ እንዳይሆን መስኮት የለውም፤ መጋዘን እንዳይሆን የሚያከማቸው የለም። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ «ስፒክኢዚ አድርገው» አለው። ሐሳቡን በደስታ ተቀበለና ማታ ደወለልኝ፦ «ለመሆኑ ስፒክኢዚ ምንድን ነው?»

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ «ቀስ ብለህ ተናገር» እንደ ማለት ነው። ዛሬ የሚጠራበት ደጃፉ ላይ ማስታወቂያ የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ከምድር በታች የሚገኝ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለና ኮክቴል፣ ማለትም ቅልቅል መጠጥ፣ የሚቀመምበት ባር ነው። ስሙ ግን የገነነው በጭንቅ ጊዜ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን በሕገ መንግሥቷ ከልክላ ነበር። መጠጣቱን ግን አልከለከለችም! በዚህ ቀዳዳ በየከተማው ድብቅ መጠጥ ቤት ፈላ። ደንበኛው በር አንኳኩቶ የይለፍ ቃል ይናገራል፤ ከገባ በኋላ ጎረቤትም ፖሊስም እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኒው ዮርክ ውስጥ «21» ይባል በነበረው ቤት ፖሊስ ሲመጣ የጠርሙስ መደርደሪያው እንዲገለበጥ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር፤ ጠርሙሶቹ ወደ ታች ይወርዱና ይሰባበራሉ። የወይን ጠጁ ጓዳ ደግሞ ግድግዳ በሚመስል፣ ከሁለት ቶን በላይ በሚመዝን በር የተዘጋ ነበር፤ በሩ የሚከፈተው በስንጥቁ ቀጭን ሽቦ በማስገባት ነበር።

በስውር የሚጠመቀው መጠጥ ክፉ ጣዕም ስለነበረው በጭማቂና በጣፋጭ ነገር ይሸፈን ነበር። ጂን፣ ሎሚና ማር የሚቀላቀሉበት ኮክቴል እስከ ዛሬ ይጠጣል። ማር የሌላ መጠጥ ነውር መሸፈኛ ሲሆን ማየት፣ በጠጅ ላደገ የጎጃም ሰው ትንሽ ያስቆጫል።

ክልከላው ቢነሳም መደበቁ እንደ ጨዋታ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ የተከፈተ አንድ ባር መግቢያው የቋሊማ ሳንድዊች መሸጫ ውስጥ ያለ የስልክ ሣጥን ነው፤ ስልኩን ያነሳ ሰው ግድግዳው ይከፈትለታል። ቅኔ ሲቆጠር ለኖረበት አገር ሰው ይህ አይከብድም፤ ሰሙ ስልክ፣ ወርቁ ባር።

እኔን ከበሩ ይልቅ የሚገርመኝ ውስጡ ነው። መብራቱ ከጣሪያ አይወርድም፤ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ሻማ በሚያህል ብርሃን፣ ፊትን ብቻ ያሳያል። ባዶ ሲሚንቶ ድምፅን እያነጠረ ስለሚመልስ ግድግዳው በእንጨትና በወፍራም መጋረጃ ይለብሳል፤ ሰው ሳይጮህ መጨዋወት የሚችለው በዚህ ነው። በረዶው አንድ ትልቅ ድፍን ነው፤ እንደ ደቃቁ ቶሎ ስለማይሟሟ መጠጡን አያቀጥነውም። ጭማቂ ያለበት ኮክቴል ተንጦ፣ የሌለበት በማንኪያ ተማስሎ ይቀርባል። ሙዚቃው ከወሬ በታች ነው። በየሐይቁ ዳር መዝናኛ ድምፅ ማጉያ ደረቱን ሲደበድበው ላመሸ ሰው፣ ይህ ብቻውን ዋጋ አለው እላለሁ።

ዲዛይነሩ ግን የዚያን ዘመን የአሜሪካ ወሮበሎች ባርኔጣና ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ልስቀል ብሏል። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። የቤቱ ሐሳብ አንድ ሆኖ ከመግቢያው እስከ ብርጭቆው መዝለቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሐይቁ አይበቃም? ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለጣሪያው፣ የዘጌ ቡና ለኮክቴሉ፣ ማሩም ሎሚውም ከገበያ። ከዚያ በፊት ግን ወለሉን ይይ። ጣና አጠገብ ሲቆፈር ውሃ ለመምጣት ብዙ አይቆይም፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። አሜሪካኖቹን ያሳደዳቸው ፖሊስ ነበር፤ የአክስቴን ልጅ የሚያሳድደው እርጥበት ነው። ግድግዳው ውሃ እንዳያስገባ ካልታሸገ፣ አየር ማስወጫና ሁለተኛ መውጫ ካልተሠራለት፣ መጋረጃው በአንድ ክረምት ይሻግታል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማስታወቂያ ከሌለው ሰው በምን ያውቀዋል?»

«ጠላ ቤትን በምን ታውቀዋለህ?» አልኩት። «ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ድፋበት።»

«ያን ጊዜማ የሰፈሩ ጠላ ጠጪ ሁሉ ይመጣብኛል!»

«ይምጣ» አልኩት። «ቀስ ብሎ ከተናገረ።»