«ዛጎል ቅበርበትና እለፈው»

ጊታር በእጁ የሚሠራ ሰው መሮ ባመለጠው ቁጥር መካሪው ብዙ ነው። ምክሩ ግን አንድ ነው። «ምን ችግር አለው? ዛጎል ቅበርበትና እለፈው!» ይሉታል።

ለማያውቀው፣ ነገሩ ኢንሌይ የሚባለው ሥራ ነው። እንጨቱ ይቦረቦራል። በልኩ የተቆረጠ ዛጎል፣ አጥንት ወይም ሌላ ዓይነት እንጨት ይቀበርበታል። ከዚያ ከእንጨቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይሞረዳል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ለሁሉም ቁስል እንደሚለጠፍ ፕላስተር ሲቆጠር ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ዛጎል ድምፅ ያሳምራል።» አያሳምርም። የጊታሩ ራስ ላይ ያለ አበባ ለጆሮ ምንም አይጨምርም።

«ጌጥ የበዛበት ጊታር የሚደብቀው ነገር አለው።» ይሄ የተጠራጣሪ ገዢዎች ወሬ ነው። አብዛኛው ጌጥ ገና ሥራው ሲታሰብ የታቀደ ነው። ከጠረጠራችሁ ጌጡ ላይ አታፍጥጡ። በድምፅ ቀዳዳው ትንሽ መስታወትና ባትሪ አስገብታችሁ ውስጡን እዩ። ስንጥቁና የላላው ድጋፍ የሚገኘው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ኢንሌይ የማይሸፍነው ስህተት የለም።»

ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ስህተት ሁሉ አንድ አይደለም። ቅኝት የሚያበላሽ አለ፣ ጥንካሬ የሚቀንስ አለ፣ ለዓይን ብቻ የሚያስቀይም አለ። ኢንሌይ የሚረዳው ለመጨረሻው ብቻ ነው።

ከቅኝት እንጀምር። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር እንዲሆን በታሰበ ጊታር ላይ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ሽቦዎች አንዱ) ግማሹ ላይ፣ ማለትም 325 ሚሊ ሜትር ላይ መቀመጥ አለበት። እዚያ ጋ 2 ሚሊ ሜትር ብትስቱ የድምፁ ስህተት የግማሽ ቶንን፣ ማለትም በሁለት ተከታታይ ፍሬቶች መካከል ያለውን የድምፅ ልዩነት፣ አንድ አሥረኛ ያህላል። ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ክር አንድ ላይ፣ ሲመታ ግን ጆሮን ይሻክራል።

አንድ ሰው በወይን ሐረግ ያጌጠ ጊታር ይዞልኝ መጣ። ሐረጉ ከ3ኛው ፍሬት ተነስቶ እስከ 12ኛው ይጠማዘዛል። እውነቱን ለመናገር የዛጎሉ አቆራረጥ ያስቀናል። «ቅኝቱ አልገጥም አለኝ፤ ክሩ ይሆን እንዴ?» አለኝ። ማስመሪያ አጋደምኩበት። ፍሬቶቹ ቦታቸውን ስተዋል። ሠሪው መጀመሪያ በመጋዝ የተሳሳታቸውን መስመሮች በቅጠል ሸፍኖ፣ ከአጠገባቸው ሌላ መስመር ቆርጧል። ሁለተኛውም ልክ አይደለም! በዚያ ላይ ዛጎሉን አቋርጠው ያለፉት ፍሬቶች ተነቅለው ብቅ ብለዋል። የፍሬት ሽቦ ከሥሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ የሚቆመውም እንጨቱን ነክሶ ነው። ዛጎል ደግሞ ይሰበራል እንጂ አይነከስም።

መፍትሔው ምንም ጌጥ የለበትም። ከዚያው ዓይነት እንጨት በመጋዙ መስመር ልክ የሳሳ ልጥ አዘጋጁ። አስገቡትና በኮላ አጣብቁት። ሲደርቅ ከላይ እኩል አድርጉት፤ ከዚያ ለክታችሁ እንደገና ቁረጡ። የተሳሳታችሁት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ የአዲሱ ፍሬት አናት ራሱ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። ሊለካ የሚችልን ስህተት በአበባ መሸኘት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ወደ ጥንካሬው ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። አንድ ተማሪ መሮ አምልጦት የፊቱን ጣውላ ከብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት) አጠገብ ቦጨቀው። ወዲያው «አበባ ልቅበርበት?» አለኝ። «መጀመሪያ ውፍረቱን ለካ» አልኩት። 2.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሊቀብረው ያዘጋጀው ዛጎል 1.5 ነው። ከሥሩ የሚቀረው እንግዲህ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የብረት ክር በታሰረበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ የሚስቡት 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያንን ጉተታ ብሪጁ የሚያሳርፈው በዚህ ስስ ጣውላ ላይ ነው። ድምፁም በዋናነት የሚወጣው ከእሱ ነው። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሚባለው ስፔናዊ ጊታር ሠሪ ይህን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑና ጀርባው ካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል። ፊቱን ግን ከእንጨት ነው ያደረገው።

ተማሪው በመጨረሻ ያደረገው እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ የጋለ ካውያ ማስነካት ነው። የእንጨቱ ቃጫ የተጨፈለቀ ብቻ ከሆነ በእንፋሎቱ አብጦ ይነሳል። የተቆረጠ ከሆነ አይነሳም። የእሱ ግማሹ ተነሳ። ለቀረው ከዚያው ጣውላ ተራፊ ላይ ቃጫው የሚመሳሰል ስንጣሪ ፈለግን። ሁለቱንም ጫፍ አሹለን በቃጫው አቅጣጫ አስገባንበት። ማሾሉ ዋና ነገር ነው። ክብ ወይም አራት ማዕዘን ልጥፍ ቃጫውን በአግድም ስለሚቆርጥ ቶሎ ይታያል። የሾለ ጫፍ ግን ከእንጨቱ መስመሮች ጋር ይቀላቀላል።

ስንጥቅም በጌጥ አይታሰርም። እንጨት የአየሩ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር በወርዱ ይሰፋል፣ ይጠባል። ዛጎል ባለበት ይቆማል። ስንጥቅ ላይ ዛጎል ብትደረድሩ አየሩ ሲደርቅ ስንጥቁ በዛጎሉ ዳር ዞሮ ይወጣላችኋል። መጀመሪያ ኮላ አስገብታችሁ ግጠሙት። ከዚያ ከውስጥ በኩል ቃጫው ስንጥቁን የሚያቋርጥ ትንሽ ስስ እንጨት ለጥፉበት።

የዓይን ስህተት ሲሆን ግን ምክሩ ልክ ነው። የመቃኛው ቀዳዳ ሲበሳ ዳሩ ተቦጭቋል? የጊታሩን ራስ በስስ እንጨት አልብሱትና በላዩ ያሰባችሁትን ቅበሩ። የድምፅ ቀዳዳውን የሚዞረው ቀለበት ሲቆረጥ ምላጩ አመለጠ? ቀለበቱን ትንሽ አስፉት፤ ማንም አያውቅባችሁም። ራውተር (እንጨት የሚቦረቡረው ማሽን) ጠርዙን ነክሶታል? የጠርዙን ጌጥ አስፉት። ዙሪያውን በሙሉ ነው ያልኩት፤ የተነከሰው ቦታ ጋ ብቻ አይደለም።

ምክንያቱም ሌላም ወሬ አለ፦ «ስህተቱ ያለበት ላይ አንዲት ትንሽ አበባ ትበቃለች።» እንዲያውም ዋና አጋላጯ እሷ ናት። ጎን ላይ ያለ ምክንያት ብቻዋን የበቀለች አበባ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» ብሎ ነው። ወይ በሌላው ጎን አቻዋን ሥሩላት፣ ወይ ከራሱና ከቀለበቱ ጌጥ ጋር አዛምዷት። ሁለቱም ካልሆነላችሁ ጭረቷን ተዉአት። ትንሽ ጭረት ከተሳሳተ አበባ ያነሰ ዓይን ይስባል።

«የጌጡን ክፍተት በሰጋቱራና በሱፐር ግሉ ሞልተህ ትገላገላለህ።» ዞጲ ላይ፣ አዎ። ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ይጠፋል። እንደ ስፕሩስ ባለ ነጣ ያለ እንጨት ላይ ግን ኮላው ሰጋቱራውን ያጠቁረውና ጌጡን የከበበ ጥቁር ክብ ይሆናል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ቃጫውን ተከትሎ ይሮጣል፤ የሮጠበትም ቦታ ቫርኒሽ ሲቀባ ይታያል። መጀመሪያ ስስ ሼላክ (ቶሎ የሚደርቅ የቫርኒሽ ዓይነት) ቀቡበት፣ ቃጫውን ይዘጋዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ክፍተት አለመፍጠር ነው። ጌጡን በጠብታ ኮላ ለጊዜው አጣብቁት። ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ጫሩና አንሱት። ጥቁር እንጨት ከሆነ ጭረቱ ላይ ጠመኔ እሹበት፤ ነጭ መስመር ይወጣላችኋል። እስከዚያ መስመር ቦርቡሩ፣ አትለፉት።

«ኢንሌይ ጊዜ ይቆጥባል።» በደንብ የተሠራ ሐረግ አዲስ ፍሬትቦርድ (ፍሬቶቹ የሚተከሉበትን እንጨት) ከመሥራት የበለጠ ሰዓት ሊበላ ይችላል።

«የዛጎል አቧራ የተፈጥሮ ነው፤ ምን ያደርጋል?» ሳንባ ይጎዳል። በደረቁ አትሞርዱት፣ ውሃ እያስነካችሁ ሥሩ። የጨርቅ መሸፈኛ ሳይሆን ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ማስክ አድርጉ። ሲያልቅም ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ በመጥረጊያ አታቡንኑት።