በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፦ አባባሉና የአዳማ መሬት

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።» ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ለቆ ሄዶ ቦታው አልሞላ ሲል ይባላል። ልጅ የእናቱን ምክር ንቆ የጓደኛውን ሲሰማ ይባላል። ትዳር ፈርሶ፣ ሌላ ተሞክሮ፣ እሱም አልሆን ሲል ጎረቤት ቡና ላይ ተቀምጦ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ትርጉሙ አያሻማም። ሰው የራሱ የሆነውን ነገር ይለምደዋል፣ ከለመደው ደግሞ ዋጋውን ያወርደዋል።

አባባሉን የምንጠቀመው ለሰው ነው። እኔ ግን አዳማ ስለምኖር ለመሬትም ይሠራል እላለሁ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ራሱ ስለ አባባሉ ትንሽ ልበል።

ወርቅና መዳብ ለምን ተጣመሩ? መልካቸው ይቀራረባል። የተወለወለ መዳብ ከሩቅ ላየው ሰው ቀላ ያለ ወርቅ ይመስላል። ሲከርም ግን ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ወርቅ መቶ ዓመት አፈር ውስጥ ቢቀበር ያው ነው። ደግሞም አብረው ይኖራሉ። አዳማ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ቀለበት ብትጠይቁ ባለሱቁ «18 ነው 21?» ይላችኋል። 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው፤ የቀረው ሌላ ብረት ነው፣ ብዙውን ጊዜ መዳብና ብር። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ለጣት አይመችም፣ ይጣመማል። የሚያጠነክረው መዳቡ ነው። እንግዲህ ሁለቱን በዓይን መለየት ሲያስቸግር ሰው ምን ያደርጋል? መዳፉ ላይ ያስቀምጠዋል። መጠናቸው እኩል ከሆነ ወርቁ ከመዳቡ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። እጅ አይሸወድም። አባባሉ ለእኔ የሚከብደኝም እዚህ ላይ ነው፤ ወርቁን ከሁሉም በላይ ሊያውቀው የሚገባው የያዘው ሰው ነው፣ የሚንቀውም እሱ ነው።

ወርቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ስለ አክሱም የወርቅ ንግድ ጽፎ አልፏል። የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን ደርድረው ዞር ይላሉ። የአገሬው ሰው ይመጣና ከፈለገው ነገር ላይ ወርቅ አስቀምጦ እሱም ዞር ይላል። ነጋዴው ከተስማማ ወርቁን ያነሳል፣ ካልተስማማ ይተወዋል፤ ያኔ ሰውየው ወይ ይጨምርበታል ወይ ወርቁን ይዞ ይመለሳል። ንግግር የለም፣ ቋንቋ አይግባቡማ። ወርቅ የሞላው ሰው የጓጓው ለሥጋ፣ ለጨውና ለብረት ነበር! አክሱም ደግሞ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር፤ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ። ከመዳቡ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ላይ ስስ ወርቅ ይለበጥ ነበር፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉ ላይ። ወርቅና መዳብ በአንድ ሳንቲም፣ በአንድ መዳፍ ውስጥ። እንዲህ ያለ አባባል ከእንዲህ ያለ አገር ቢወጣ አይገርመኝም።

አሁን ወደ አዳማ። ከተማችን ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። መሬቱ ግራና ቀኝ እየተራራቀ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። በዚህ የሚያልፈውን የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር ጂኦሎጂስቶች የሚጠሩት በወንጂ ስም ነው። እኛ በስኳሯ የምናውቃት ወንጂ በዓለም የሳይንስ ጽሑፍ ላይ የምትታወቀው በዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል መንቀጥቀጥ ሲደጋገም ብዙ ሰው ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ሥራ ላይ እንደሆነ ያኔ ነው ልብ ያለው።

ከከተማው ዳር ወጥታችሁ መንገድ የቆረጠውን ግድግዳ ወይም የድንጋይ ካባ እዩ። ነጭ የፑሚስ ድርብ፣ ከላዩ ግራጫ አመድ፣ ከዚያ ጠንካራ ድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አመድ። ከተራራው የወጣው እሳት ሥራውን በየተራ ጽፎ አስቀምጦታል። ከግድግዳው አንድ ፑሚስ ፈልቅቁ። የጡጫ ያህል ሆኖ እንደሌለ ነገር ይቀላል፣ ጣት ይፈገፍጋል፣ ውሃ ላይ ብትጥሉት ይንሳፈፋል። ሁለንተናው ቀዳዳ ነው። ቤታችን የተሠራበት ብሎኬት ቀላል የሆነው፣ የአዳማንም ፀሐይ ትንሽ የሚቋቋመው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ፒፒሲ በሚባለው የሲሚንቶ ዓይነት ውስጥም ተፈጭቶ ይገባል። ፑሚስ ስንል ግን ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሲኖትራክ ዋጋ ብቻ ነው።

የፑሚስ ወንድሙ ባልጩት ነው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ የሚሰላ። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ በሚታየው ቦሰት ተራራ በኩል አለ። ሁለቱ ሲታዩ ምንም አይመሳሰሉም፣ አንዱ ነጭና ቀላል፣ አንዱ ጥቁርና ከባድ፣ ግን የመጡት ከአንድ ዓይነት የቀለጠ አለት ነው። ጋዙ እየፈላ ሲወጣ ከነአረፋው የደረቀው ፑሚስ ሆነ፤ ጋዙ ቀድሞ ወጥቶለት ቀስ ብሎ የፈሰሰውና ቶሎ የቀዘቀዘው ባልጩት ሆነ።

ባልጩት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአገራችን የመጀመሪያው ማዕድን እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለችው መልካ ቁንጡሬ ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምረው በባልጩት መሣሪያ ሠርተዋል። ድንጋዩ የሚገኝበት ቦታ አጠገቧ ያለችው ባልጪት ናት። ሁለቱም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ዝዋይ አጠገብ ያለችው ጋደሞታ ደግሞ ከ276 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተውባታል። ከአዳማ በሞጆ ዞረን ወደ ሐዋሳ ስንሄድ በአካባቢዋ እናልፋለን። ዝዋይ ላይ ቆመን ዓሣ እንበላለን፣ እንቀጥላለን።

ደግሞ ይህ ሙያ ገና አልሞተም። በደቡብ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በሀድያ አካባቢ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ባልጩት እየጠረቡ፣ እንጨት እጀታ ላይ እያጣበቁ ቆዳ ሲፍቁበት ኖረዋል። ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ መጥተው እግራቸው ሥር ቁጭ ብለው የተማሩት ከእነሱ ነው፤ የጥንት ሰው ድንጋይ እንዴት እንደሚጠርብ በሕይወት ያለ መምህር የሚገኝበት ቦታ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነውና። እኛ ግን ምን አልናቸው? ፋቂ። ብረት የሚያቀልጠውንና የሚቀጠቅጠውን ደግሞ ቡዳ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲተው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አባባሉ ከዚህ በላይ ምን ምሳሌ ይፈልጋል? አያትየው የሚያውቀውን የልጅ ልጁ አልማርም ቢል ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ስድቡን አይቷል።

ሌላም ሌላም አለ። አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ፖታሽ ለሚባለው የማዳበሪያ ማዕድን ሲባል በጨው ብሎክ የተሠሩ ቤቶች ፈርሰው ቆመዋል። ወለጋ ዩብዶ ፕላቲኒየም ይወጣ እንደነበር ስንቶቻችን በትምህርት ቤት ተምረናል? እኔ አልተማርኩም።

አዳማ አጠገብ ደግሞ ቦኩ አለ። ከመሬት እንፋሎት ይወጣል፤ መታመሙን ያወቀ ሰው እዚያ ሄዶ ይታጠናል። የቦኩን ነገር ሳስብ የአባባላችን እህት የሆነችው ትታወሰኛለች፦ «በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።» ልጥ ለማሰሪያ የሚላጥ የዛፍ ቅርፊት ነው፣ እንዲለሰልስ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሩቅ ያለ ሰው ስንቅ ቋጥሮ የሚመጣበትን ጠበል ጎረቤቱ ልጥ ያርስበታል። ቦኩ ግን የፈነዳ የእሳተ ገሞራ ገላ ነው፤ እንፋሎቱ ታች ገና ያልበረደ ሙቀት እንዳለ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር መሬቱ የሚሰጠን ሁሉ ደግ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው ከእነዚሁ የእሳተ ገሞራ አለቶች ወደ ጉድጓድ ውሃ በሚገባው ፍሎራይድ ነው፣ ወንጂ ላይ ይህ ለአሥርተ ዓመታት ተጠንቷል። እና ይህንንም ለማወቅ ቢሆን መሬቱን ማወቅ ነበረብን።

የሚያንገበግበኝ የአሮጌ ካባዎቻችን ነገር ነው። ድንጋዩ ወጥቶ ሲያልቅ ጉድጓዱ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ቤታችንን የሠራንበት፣ አጥራችንን ያጠርንበት፣ ኮብልስቶኑን ያነጠፍንበት ቦታ ፌስታልና የተሰበረ ሴራሚክ ይሞላበታል። አበው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ከዚያ አፈር ይደፋበትና ያ የአመድና የፑሚስ ግድግዳ ለዘላለም ይሸፈናል። ከተማችን ውስጥ ጂኦሎጂ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከእያንዳንዱ ካባ አንድ ግድግዳ፣ አሥር ሜትር ብትሆን፣ ሳይሸፈን ይቅር ቢባልና አንድ ሰሌዳ ቢተከልበት ለተማሪውም ለሕፃናቱም ትምህርት ነው። ወጪው የአንድ ሰሌዳ ወጪ ነው።

ከግድግዳው በላይ ደግሞ ሰዎቹ አሉ። ድንጋይ ጠራቢዎቹን ሲሠሩ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አንድ አባት ድንጋዩን መጀመሪያ በመዶሻ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ድፍን ያለ። ከዚያ በመሮ በአንድ መስመር ቀዳዳ ይቆፍርና በየቀዳዳው ሽብልቅ ይተክላል። አንዱን አይጨርስም፤ ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እየመታ ይመላለሳል። ድንጋዩ በመጨረሻ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይከፈታል። አክሱም አጠገብ ጎቦ ድራ ላይ፣ ሐውልቶቹ የተጠረቡበት ካባ ውስጥ፣ ልክ እንዲህ በመስመር የተደረደሩ የሽብልቅ ቀዳዳዎች ዛሬም ድንጋዩ ላይ ይታያሉ። ከአክሱም ሐውልቶች ትልቁ፣ አሁን ወድቆ ያለው፣ 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት አለው። እሱን የጠረቡት ሰዎች ስም አልተጻፈም። አዳማ ዙሪያ ካባ የሠራ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ግን አሁኑኑ ልትጠይቁት ትችላላችሁ፤ የትኛው ካባ መቼ ተከፈተ፣ የትኛው ድንጋይ ለመሠረት፣ የትኛው ለአጥር ይሆናል፣ መሣሪያው ሁሉ ምን ምን ይባላል። ስልካችሁ ላይ ቅዱት።