ህዋን፦ በሁለት ዎኖች መሃል የነበረው ገንዘብ

የደቡብ ኮሪያ ገንዘብ ዎን ነው። ግራ የሚያጋባው መሃል ላይ የገባው ህዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የኮሪያ ጦርነት የገንዘቡን ዋጋ አራክሶት ስለነበር መንግሥት 100 ዎንን በ1 ህዋን ለወጠ። በ1962 ደግሞ 10 ህዋን 1 አዲስ ዎን ሆነ። ስለዚህ የድሮውና የዛሬው ዎን በስም እንጂ በዋጋ አይገናኙም። አንድ አዲስ ዎን የተካው 1,000 አሮጌ ዎንን ነው።

የሚገርመው የሳንቲሙ ነገር ነው። የ100 ህዋን ሳንቲም ላይ የፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ምስል አለ። ዓመቱ በኮሪያ የዳንጉን አቆጣጠር 4292 ይላል፤ እ.ኤ.አ. 1959 መሆኑ ነው። ሰውዬው በ1960 በሕዝብ ተቃውሞ ከሥልጣን ወረዱ። ሳንቲማቸውም በ1962ቱ ለውጥ ከገበያ ወጣ። የ10 እና የ50 ህዋን ሳንቲሞች ግን 1 እና 5 ዎን እየተባሉ እስከ 1975 ገበያ ላይ ሠሩ።